ከደጃፍ እስከ ደጃፍ፦ የከተማ ዳር ሠራተኛ ደመወዝ በሰዓት ሲመዘን

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ሁለት የሥራ ጥሪ ደረሳት እንበል። አንደኛው ሜክሲኮ አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ደመወዙ 22,000 ብር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን። ሁለተኛው ገላን ካለ ፋብሪካ ነው፤ 18,000 ብር፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ ሰርቪስና ምሳ አለው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ቢመክር አብዛኛው የሚፈርደው ለመጀመሪያው ነው። 4,000 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ቅዳሜም ከሰዓት በኋላ ቤት ይገባል፣ መሀል ከተማ መሥራት ደግሞ ከሰው ያገናኛል።

እስቲ ወረቀት ላይ እናስላው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ተነሥቶ በየእርከኑ እየጨመረ፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ከ14,000 ብር በላይ የሚከፈለው ሰው ግብሩን በአቋራጭ ለማወቅ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ይበቃዋል። በዚህ ላይ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ አለ። የሜክሲኮው 22,000 ብር 5,650 ግብርና 1,540 ጡረታ ተቆርጦለት 14,810 ብር ይሆናል። የገላኑ 18,000 ብር ደግሞ 4,250 ግብርና 1,260 ጡረታ ተነሥቶለት 12,490 ብር ይቀራል። ቤተሰቡን ያስፈረደው 4,000 ብር ገና ኪስ ሳይገባ 2,320 ብር ሆኗል። ከ14,000 በላይ በሚጨመር በያንዳንዱ 100 ብር እጅ የሚደርሰው 58 ብር ነውና።

ቀጥሎ ሥራው ራሱ የሚያስወጣው ወጪ ይመጣል። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሜክሲኮ ሁለት ታክሲ ነው። ደርሶ መልሱን በቀን 120 ብር ብንይዘው በ26 ቀን 3,120 ብር ይሆናል። ምሳ በቀን 150 ብር ቢሆን፣ ሙሉ ቀን በሚሠራባቸው 22 ቀናት 3,300 ብር። እነዚህ ሲነሡ ከ14,810 ብሩ የሚተርፈው 8,390 ብር ነው። የገላኑ 12,490 ብር ግን ሰርቪሱም ምሳውም የድርጅቱ ስለሆነ እንዳለ ቤት ይገባል። የታክሲውንና የምሳውን ዋጋ ለስሌት ያህል ነው የያዝነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

አሁን ሰዓቱ። ሜክሲኮ ለመድረስ ሰልፉን ጨምሮ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ቢፈጅ በቀን 3 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ያልቃል። 8 የሥራ ሰዓትና 1 የምሳ ሰዓት ሲጨመርበት ቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ በ22 ቀን 275 ሰዓት። አራቱ ቅዳሜዎች 4 ሰዓት ሥራና 3 ሰዓት ተኩል መንገድ እየያዙ 30 ሰዓት ይጨምራሉ። በጠቅላላው 305 ሰዓት። ገላን በሰርቪስ፣ ቆሞ መጠበቁን ጨምሮ፣ 40 ደቂቃ ሄዶ 40 ደቂቃ ቢመለሱ ቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል፤ በ26 ቀን 269 ሰዓት ግድም። 8,390 ብር ለ305 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 27 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 12,490 ብር ለ269 ሰዓት ሲካፈል 46 ብር ከ40 ሳንቲም። ደመወዙ ያነሰው፣ ቅዳሜን ሙሉ የሚወስደው ሥራ በወር 4,100 ብርና 36 ሰዓት ይመልሳል።

ይህ ስሌት በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። ሜክሲኮ ወይም ለገሃር ለሚኖር ሰው ሚዛኑ ይገለበጣል። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ ወይም ለገጣፎ ለሚኖር ሰው ግን ከደመወዙ ቁጥር ይልቅ መንገዱ ይበልጥ ይወስናል። ያም ሆኖ ሥራ ሲፈለግ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው "ስንት ይከፍላሉ?" ብቻ ነው። የከተማ ዳር ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ከቤት ደጃፍ ወጥቶ ደጃፉ እስኪመለስ ባለው በያንዳንዱ ሰዓት ስንት ብር እንደሚቀረው ነው።

መንገዱን መለካት

ሰው የመንገዱን ጊዜ ሲጠየቅ የሚናገረው መንገዱ ጭር ባለበት ቀን የደረሰበትን ነው። "አንድ ሰዓት አይሞላም" ይላል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግን የታክሲው ሰልፍ ከመብራቱ ምሰሶ አልፎ ዞሯል። ጋቢና ነጠላ የደረቡ፣ የምሳ ዕቃቸውን በፌስታል ያንጠለጠሉ፣ ቆመው የሚያንቀላፉ ሰዎች አሉበት። አንድ ሚኒባስ ሲመጣ 12 ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ሰልፉ ትንሽ ይንቀሳቀስና ይቆማል። ያ ጊዜ በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ለአንድ ሳምንት ስልካችሁ ላይ አራት ሰዓት መዝግቡ፦ ከቤት ስትወጡ፣ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጡ፣ ስትወርዱ፣ ሥራ ቦታ ስትፈርሙ። ማታም እንዲሁ። አራቱን ለይቶ መጻፉ የሚጠቅመው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። ከጊዜው የሚበዛው ቆሞ መጠበቅ ከሆነ 20 ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ወይም የሥራ መግቢያን አንድ ሰዓት ማሳለፍ ብዙ ይለውጣል። የሚበዛው ታክሲ ውስጥ መቀመጡ ከሆነ ግን ቤት ወይም ሥራ ካልተቀየረ ለውጥ የለም። ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ማታ ሳይገቡበት የተለካ መንገድ አልተለካም። በበጋ የተለካውንም ለክረምት አትመኑት፤ ዝናብ ሲጥል ታክሲው ያንሳል፣ ሰልፉ ይረዝማል።

አቅጣጫም ራሱ ዋጋ አለው። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ መሀል ይጎርፋል፤ ወደ ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የሚወጣ ግን ከጎርፉ በተቃራኒ ነው የሚሄደው። ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምትወጣ ነርስ ወደ ቦሌ አራብሳ ስትመለስ የምታገኘው ሰው አራግፎ የሚመለስ ባዶ ታክሲ ነው። በአምሳ ደቂቃ ቤቷ ትገባለች። የቀን ፈረቃ ላይ ስትሆን ያው መንገድ እጥፍ ይወስድባታል።

39 ሰዓትና 48 ሰዓት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መደበኛ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስምንት ስምንት፣ ዓርብ ሰባት። በግል ድርጅት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፈቀደው ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በወር ሲሰላ የመጀመሪያው 169 ሰዓት፣ ሁለተኛው 208 ሰዓት ይሆናል። 39 ሰዓት ልዩነት ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ የመንግሥት ሳምንት።

የመንግሥት ደመወዝ ለዓመታት ከግሉ በጣም ዝቅ ብሎ ስለቆየ ይህ ልዩነት ማንንም አያጓጓም ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ስለዚህ ንጽጽሩን እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል። 11,500 ብር ግብርና ጡረታ ተነሥቶለት 8,595 ብር ነው፤ ለ169 ሰዓት ሲካፈል 50 ብር ከ90 ሳንቲም ይመጣል። በግል ድርጅት 14,000 ብር የሚከፈለው ሰው 10,170 ብር እጁ ይገባል፤ ለ208 ሲካፈል 48 ብር ከ90 ሳንቲም። መንገድ ሳይታሰብ እንኳ በሰዓት የሚበልጠው የመንግሥቱ ነው።

ሌላ አቀማመጥም አለው። የግሉ ሥራ በወር 1,575 ብር ጨምሮ 39 ሰዓት ይወስዳል። ያ ተጨማሪ ሰዓት የተሸጠው በ40 ብር ነው። ስድስተኛው ቀን በወር አራት ተጨማሪ ደርሶ መልስ አለው፤ በ120 ብር 480 ይሆናል፣ ዋጋውም ወደ 28 ብር ይወርዳል። በነዚያ ሰዓታት ልጅ ማስጠናት፣ ልብስ መስፋት ወይም ሒሳብ መሥራት የሚችል ሰው ከ28 ብር በላይ ሊያገኝ ይችላል። ከልጆቹ ጋር መዋል የሚፈልግም ቢያንስ ቅዳሜውን በስንት እንደሸጠው ያውቃል።

በቅዳሜ ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው ወረዳ፣ መታወቂያ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲኖረው እነዚህ ቢሮዎች የሚከፈቱት እሱ ሥራ ላይ እያለ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ይወስዳል። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት የሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ያ ለዕረፍት የተሰጠ ፈቃድ በወረፋ ላይ ቁርጥራጭ ሆኖ ያልቃል።

ሰዓቱ ያልተጻፈባቸው ሥራዎች

በዚህ ስሌት ክፉኛ የሚጎዳው የጥበቃ ሥራ ነው። 24 ሰዓት ገብቶ 24 ሰዓት የሚያርፍ ጥበቃ በሳምንት በአማካይ 84፣ በወር 365 ሰዓት ፖስት ላይ ነው። ሕጉ ካስቀመጠው 208 ሰዓት በ157 ይበልጣል። 7,000 ብር ቢከፈለው ተቆራርጦ 5,610 ብር ይቀረዋል፤ በሰዓት 15 ብር ከ40 ሳንቲም። በቀን 8 ሰዓት የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ በ5,000 ብር ደመወዝ 4,150 ብር ይዛ ትገባለች፤ በሰዓት ወደ 20 ብር። በስም ደመወዙ የሚበልጠው ሰው በሰዓት ከሷ ያነሰ ነው የሚያገኘው። እርግጥ ጥበቃው በወር የሚመላለሰው 15 ቀን ብቻ ስለሆነ የታክሲ ወጪው ግማሽ ነው፤ ይህም መቆጠር አለበት። ሦስት ሰው ተመድቦ 24 ሰዓት ገብቶ 48 የሚያርፍ ከሆነ ሳምንቱ ወደ 56 ሰዓት ይወርዳል። የጥበቃ ሥራ ሲፈለግ ከደመወዙ በፊት "ለፖስቱ ስንት ሰው ነን?" ብሎ መጠየቅ ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ያረፈበትን 24 ሰዓት ሌላ ፖስት ላይ የሚሸጥ ሲመጣ ነው። ሁለት ደመወዝ ያገኛል፣ አልጋ ግን የለውም። ጥቂት ወራት ይሄዳል፤ ከዚያ ፖስት ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ዕቃ ይጠፋል፣ የጠፋው ከደመወዙ ይቆረጣል ወይም ይባረራል። በነርሶችም እንዲሁ ነው። ቀን በመንግሥት ጤና ተቋም፣ ማታ በግል ክሊኒክ ፓርት ታይም፣ መሀል ላይ ዱቲ (ተረኝነት)። ሦስተኛው ሌሊት ላይ የመድኃኒት መጠን መሳሳትና በመርፌ መወጋት ይመጣል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ጥያቄያቸውን አደባባይ ያወጡት በደመወዝ ስም ነበር፤ ከደመወዙ ጀርባ ያለው ግን አንድ ሥራ ስለማያኖር የተሸጠ እንቅልፍ ነው።

በመተግበሪያ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ደመወዝ የለውም፤ ማታ የሚቆጥረው ብር ሁሉ የራሱ ይመስለዋል። ነዳጁን፣ ለመኪናው ባለቤት የሚገባውን የቀን ገቢ፣ የድርጅቱን ኮሚሽንና እጥበቱን ይቀንሳል። ብዙዎች የሚረሱት ጎማውን፣ የፍሬን ሸራውን፣ የሞተር ዘይቱን ነው። እነዚህ በቀን ሳይሆን በኪሎሜትር የሚያልቁ ስለሆኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካልተቀመጠላቸው በአንድ ጊዜ መጥተው የወሩን ትርፍ ይወስዳሉ። ሰዓቱም ሲቆጠር ደንበኛ ሲጠብቅ የቆመበት አብሮ ይቆጠር። የቀን ሠራተኛና በካሬ የሚኮናተር ሴራሚክ ነጣፊም ያገኘውን ማካፈል ያለበት ለሠራበት ቀን ሳይሆን ለሙሉው ወር ነው። ጠዋት አደባባይ ቆሞ ሥራ ሳያገኝ የተመለሰበት ቀንም ቀን ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንዲህ ያለው ቀን ይበዛል።

ውል ላይ የሚደበቀው

ሁለት ድርጅቶች እኩል 12,000 ብር እንከፍላለን ሊሉ ይችላሉ። የአንዱ 12,000 መነሻ ደመወዝ ነው፤ የሌላው 6,000 ደመወዝና 6,000 ልዩ ልዩ አበል። በወሩ መጨረሻ ልዩነቱ ብዙም ላይታይ ይችላል። ነገር ግን ትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ጡረታ የሚሰሉት በመነሻ ደመወዙ ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ለመጀመሪያው 1,320 ብር፣ ለሁለተኛው 660 ብር ነው። የስንብት ክፍያውም እንደዚያው ግማሽ ይሆናል። "ጡረታ አንቆርጥም፣ ሙሉውን እንሰጣለን" የሚል አሠሪ ደግሞ 7 በመቶውን ለሠራተኛው ተወ ማለት እንጂ 11 በመቶውን ለራሱ አስቀርቷል።

ትርፍ ሰዓትን አዋጁ በዝርዝር አስቀምጦታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ያለው ማካፈያው ላይ ነው። የወር ደመወዝ ወደ ሰዓት የሚቀየረው ለ208 ተካፍሎ ነው፤ 26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት። አንዳንድ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ግን 30 ቀን በ8 ተባዝቶ ለ240 ይካፈላል። 9,000 ብር ለ208 ሲካፈል 43 ብር ከ27፣ ለ240 ሲካፈል 37 ብር ከ50 ነው። በወር 20 ሰዓት ቀን ላይ ትርፍ የሠራ ሰው በመጀመሪያው 1,298 ብር፣ በሁለተኛው 1,125 ብር ያገኛል። በዓመት ከ2,000 ብር በላይ የሚሆን ገንዘብ በአንድ ማካፈያ ይጠፋል። ይህን ያወቀ ሠራተኛ የሚጠይቀው ጭማሪ ሳይሆን የራሱን ነው።

ብሩ ካልሞላ

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ከአንድ ወለል በላይ ላለ ሰው ነው። የቤት ኪራይ፣ ጤፍና ዘይት፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ እድርና ለወላጅ የሚላክ ተደምሮ 9,000 ብር ከሆነ፣ በሰዓት 50 ብር እየከፈለ በወር 7,000 የሚሰጥ ሥራ ብቻውን አያኖርም። ለግሉ ዘርፍ አጠቃላይ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልተቆረጠም፤ አዋጁ 1156 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ወለሉ እስኪመጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ወለል ጽፎ ማስቀመጥ አለበት። ከወለሉ በታች ያለ ሰው ብር ይመርጣል፤ ትክክልም ነው። አስቸጋሪው ነገር ወለሉን ካለፉ በኋላም በዚያው ልማድ መቀጠል ነው። ጭማሪ በመጣ ቁጥር ሰዓት ይሸጣል፣ የቀረው ሰዓት በድካም ይባክናል፣ ለድካሙ ደግሞ ብር ይወጣል። ምግብ ተሠርቶ ስለማይደርስ ይገዛል፣ ልጅን የሚያስጠና ወላጅ ስለማይኖር አስጠኚ ይቀጠራል፣ ከመሸ በኋላ ከዋናው መንገድ እስከ ብሎኩ ባጃጅ ይያዛል።

በከተማ ዳር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ብዙ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ አንድ ሰው ነቅቶ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል። 11 ሰዓት ላይ ሰልፍ የሚጠብቃት እናት 8 ሰዓት ሌሊት ላይ ቧንቧ ስታዳምጥ ታድራለች። እንዲህ ላለች ሴት ጠዋት አንድ ሰዓት መቆጠብ ከ1,000 ብር ጭማሪ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይደለም።

ስለዚህ ሥራ ስትነጋገሩ ብሩ እንቢ ካለ ሰዓቱን ጠይቁ። አሠሪ 2,000 ብር ለመጨመር ቦርድ ያስፈልገዋል፤ መግቢያውን ከ2 ሰዓት ተኩል ወደ 3 ሰዓት ተኩል፣ መውጫውን በዚያው ልክ ለማሳለፍ ግን የክፍሉ ኃላፊ ይበቃል። የሒሳብ መዝጊያ ካልሆነ ሳምንት አንድ ቀን ከቤት መሥራትም እንዲሁ፤ በሜክሲኮው ምሳሌ በወር አራት ቀን ማለት 14 ሰዓት መንገድና 480 ብር ታክሲ ነው። ሰርቪስ አለ ሲባሉ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየት በኩል ያልፋል፣ ከመግቢያው ስንት ደቂቃ ቀድሞ ያደርሳል፣ ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው ማታ በምን ይመለሳል። ሦስተኛውን ሳይጠይቁ የገቡ ብዙዎች ትርፍ ሰዓት የሠሩበትን ብር ለኮንትራት ታክሲ ይከፍላሉ።